አርባ ሦስት ቀን የሠራሁበት ወር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸው እኮ የጎረቤቶቼን ኃጢአት ሳይቀር ከእኔ አፍ ሰምተው ጨርሰዋል። የሌላውን በደል ስዘረዝር አንደበቴ አይደናቀፍም፤ የራሴ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ወይ ይመሻል ወይ ያስለኛል። አሁን ሰባውን አልፌያለሁና ማሳሉ ይብቃኝ።

እኔ ይመር በአንድ ወር ውስጥ አርባ ሦስት ቀን ሠርተሃል ተብዬ በሕዝብ ፊት ተሸልሜያለሁ። ወሩ መጋቢት ነበር፤ መጋቢት ደግሞ እንደ ማንኛውም ወር ሠላሳ ቀን ነው። በእውነት የሠራሁት ስንት ቀን ነው ብትሉኝ፣ ለራሴ ሳላዳላ ስቆጥረው ሁለት ቀን ተኩል ይሆናል። ግማሿ ቀን ዝናብ መጥቶ የተበተንባት ናት።

ነገሩ የሆነው ከስልሳ ስድስቱ ረሃብ በኋላ፣ አብዮቱም ገና ትኩስ ሳለ፣ በመካነ ሰላም ነው። በሬ አልቆ፣ ጎተራ ተሟጦ፣ ሰው ሁሉ የእርዳታ ስንዴ ይጠብቅ ነበር። ስንዴው ግን በነጻ አይሰጥም ተባለ። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ተራራ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ድንጋይ ብቻ ቀርቶት ስለነበር፣ እርከን ይሠራበት ተባለ። በቀን አራት ሜትር የቆፈረ የቀኑን ስንዴ ያገኛል። አራት ሜትር በዚያ ድንጋይ ላይ፣ በባዶ ሆድ፣ ቀላል አይደለም፤ ይህንን የማውቀው ሌሎች ሲቆፍሩ ተኝቼ ስላየሁ ነው።

አሠሪያችን ከደሴ የተላከ ወጣት ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ ይወዳል፣ ከሥራም አብልጦ ሪፖርት ይወዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በዓሎቻችንን ቁጠሩልኝ አለ። ቆጠርንለት። ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ እያልን ስንወርድ እርሳሱን አስቀመጠ። እሑድ አለ፤ አርብ ደግሞ ለሙስሊሞቹ አለ። ይህ ሕዝብ በድርቅ ሳይሆን በዕረፍት ነው ያለቀው አለና ራሱን ያዘ። አያ ታደሰ የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ረጋ ብለው መለሱለት፤ በበዓል ቀን ዶማ ከተነሣ በረዶ ይወርዳል፣ አንተ ደሴ ትገባለህ፣ በረዶው የሚወርደው ግን እዚህ ነው አሉት። ካድሬው በበረዶ አያምንም፤ ነገር ግን ሕዝቡ እንደሚያምን ስላመነ አንድ ብልሃት ፈጠረ። ክርስቲያኑን በአንድ ቡድን በአያ ታደሰ ሥር፣ ሙስሊሙን በሌላ ቡድን በአያ እንድሪስ ሥር አደረገ። አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቆፍራል፤ ተራራው ያለ ዶማ አይውልም።

ብልሃቱ ጥሩ ነበር፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔን አላወቀም።

የእኔ አባት ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ። በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ይመር የሚለውም ስም በሁለቱም ቤት የሚጠራ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የሁለቱንም በዓል አከብር ነበር። ጾም ሲመጣ ግን ለእናቴ የአባቴን ሃይማኖት፣ ለአባቴ የእናቴን ሃይማኖት እያመካኘሁ በመሐል እበላለሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኔ ሁለቱም ሳይሰበሩ ተንጠልጥዬ ያደግሁ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ ከአያ ታደሰ ቡድን ተመዘገብሁ። የመጋቢት መባቻ በዓል ዕለት ክርስቲያኑ ሲያርፍ አያ እንድሪስ ዘንድ ሄድሁና፣ በእናቴ በዓል ቀን በአባቴ ወገን ልሥራ አልኳቸው። ሰውየው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አባትህ ይህን ቢያይ ብለው ስሜን በመዝገባቸው አስገቡ፤ ለአያ ታደሰም እንዲህ ያለ ልጅ አላችሁ ብለው ላኩባቸው። ሁለት ቀን ከልቤ ቆፈርሁ። በሦስተኛው ቀን እጄ ውኃ ቋጠረ፤ ከእጄ ጋር ሐሳብም ቋጠርሁ።

ለአያ ታደሰ፣ የአያ እንድሪስ ሰዎች ወደ ኋላ ቀርተዋል፣ ዛሬ እነሱን ላግዝ አልኳቸው። ወደ አያ እንድሪስ ዞሬ ደግሞ የአያ ታደሰ ሰዎች ጠርተውኛል አልሁ። ከዚያ ከጉብታው ጀርባ ካለችው ወይራ ሥር ሄጄ ተኛሁ። ማታ ሁለቱም ቡድኖች ድርሻዬን ቆፍረው፣ ሁለቱም መዝገቦች ስሜን ተገኝቷል ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። በእኛ ዘንድ የታመመን ወይም የሌላን ሰው ጉዳይ ሊሠራ የሄደን ሰው ድርሻ ባልንጀሮቹ ይሠሩለታል፤ የአባት ደንብ ነው። አያ ታደሰ፣ ልጁ ለሙስሊም ወንድሞቻችን ሲል ሄዶ እንጀራው ይጉደል? ብለው አዘዙ። አያ እንድሪስም ለክርስቲያን ወንድሞቻችን ሲል ሄዶ እኛ እንንፈገው? ብለው አዘዙ።

አንዱ ሌላውን ለምን አልጠየቀም? ስንቴ ይህንን አሰብሁ! ያንተ ልጅ በእርግጥ እዚህ ውሏል ወይ ብሎ መጠየቅ የወንድምን ቃል መጠራጠር ስለሚሆን ነው። ተከባብረው ስለኖሩ አልተጠያየቁም። እኔም በዚያ መከባበር ላይ ጋቢዬን አንጥፌ ተኛሁበት። ሌላው ሌባ ጎተራ ይሰብራል፤ እኔ የሰበርሁት ምን እንደሆነ አሁንም ስም አላገኘሁለትም። ስንዴውን ግን ከሁለት በኩል በላሁ።

በአያ እንድሪስ ቡድን ከእኔ ድርሻ ቀጥሎ የሚቆፍሩት እትዬ ከድጃ ነበሩ። ባለቤታቸውን በረሃቡ ያጡ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ድርሻዬ ከእሳቸው አጠገብ በመሆኑ ብዙውን የሚቆፍሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ይህንን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት እችል ነበር፤ ግን ከወይራው ሥር ሆኜ ስገላበጥ ዶማቸው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኝ ነበር።

ወሩ አለቀ። የካድሬው ጸሐፊ ሁለቱን መዝገቦች አንድ ላይ ሲያጠቃልል፣ ይመር አሊ በአንዱ ዐሥራ ስምንት ቀን፣ በሌላው ሃያ አምስት ቀን ሆኖ አገኘው። ደመረው፤ አርባ ሦስት ሆነ። ጸሐፊው ደንግጦ ለካድሬው አሳየ። ካድሬው ግን ስህተት ነው አላለም። አሰበ፣ አሰበና ይህ ሰው ቀን ከአንዱ፣ ማታ ከሌላው ጋር ሠርቷል ማለት ነው አለ። ሪፖርት የሚወድ ሰው ያየውን ሳይሆን የሚጽፈውን ነው የሚያምነው።

ሽልማቱ ለወዝ አደሮች ቀን ተቀጠረ። ያ ቀን ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነው፤ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደግሞ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ነው። ክርስቲያኑ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ እንደ ለበሰ ወደ አደባባዩ መጣ። ሙስሊሙም የጎረቤቱን በዓል እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። ካድሬው ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ለወዝ አደሩ ክብር የወጣ መስሎት ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ማንም አላረመውም።

ስሜ ተጠራና ወጣሁ። አንድ ብርድ ልብስና አንድ አዲስ ዶማ ሰጠኝ። ጓድ ይመር በሠላሳ ቀን ውስጥ አርባ ሦስት ቀን ሠርቷል ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ። ሁለት ሰዎች ግን አላጨበጨቡም። አያ ታደሰና አያ እንድሪስ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ቀስ ብለው ተያዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ያንን አስተያየት ልገልጸው አልችልም። ቀጥሎ ሁለቱም እንደ ሕዝቡ አጨበጨቡ፤ ምን ያድርጉ? ያልዋለን ሰው ውሏል ብለው የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ካድሬው ካወቀ ሁለቱም ወህኒ ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔ ቀልደኛ ሰነፍ ነበርሁ፤ ኑዛዜም ባላስፈለገኝ። ግን አላበቃም። ካድሬው እጄን ይዞ ከፍ አደረገና ሕዝቡ እየሰማ ጠየቀኝ።

"ጓድ ይመር፣ አንድ ሰው በቀን ስድስት ሜትር መቆፈር ይችላል ወይስ አይችልም?"

"ይቻላል" አልሁ።

ይቻላል አልሁ። ማን አስገደደኝ? ያንን ቃል ስንት ጊዜ ገልብጬ አየሁት! አያ ታደሰንና አያ እንድሪስን ከወህኒ ለማዳን ነው እያልሁ ራሴን ብዙ ዓመት አታለልሁት። ውሸት ነው። አይቻልም ብል ማንም አይታሰርም ነበር፤ ማንም አይጋለጥም ነበር። እንደኔ ያለ ጀግና አይቻልም ካለ እንዲያውም ካድሬው ያምን ነበር። ይቻላል ያልሁት ጭብጨባው ስለጣመኝ ነው። ስድስት ሜትር ምን ያህል እንደሚረዝም እንኳ አላውቅም ነበር፤ እኔ ይቻላል አልሁ።

በሳምንቱ ኮታው ስድስት ሜትር ሆነ። ከበዓላቱም ግማሹ ተሰረዘ፤ ጓድ ይመር በበዓል ቀን ይሠራ የለም ወይ ተብሎ። እንግዲህ አስቡት፤ በመካነ ሰላም ዙሪያ ከእኔ ይልቅ በዓል የሚወድ ሰው አልነበረም፤ በዓሉን ያስሻርሁትም እኔው ሆንሁ። ቄሱ ሳይቀሩ በመንገድ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

ቅጣቴም አልዘገየም። ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ፣ አርአያው ሠራተኛ በፊታቸው ይቁፈር ተባለ። በአዲሱ ዶማዬ፣ ከሰልፉ ፊት፣ ብቻዬን አቆሙኝ። አንድ ሜትር ስቆፍር ላብ አሰጠመኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ዶማው ከእጄ አምልጦ የአንዱን እንግዳ ጫማ ሊመታ ለጥቂት ሳተ። ካድሬው፣ ጓድ ይመር በሌሊት ሲሠራ አድሮ ደክሞት ነው አላቸው፤ እንግዶቹ አድንቀው ወደ ምሳ ሄዱ። ሲመለሱ ስድስቱን ሜትር ሊለኩ ነው።

ያኔ እትዬ ከድጃ ከድርሻቸው ተነሥተው መጡ። ዶማውን ከእጄ ወሰዱና ቀሪውን አራት ሜትር ቆፈሩት። እኔ አፈር የምጠርግ መስዬ አጠገባቸው ቆምሁ። እንግዶቹ ሲመለሱ ለክተው ስድስት ሙሉ ነው አሉ፤ አጨበጨቡልኝም። እትዬ ከድጃ ወደ ራሳቸው ድርሻ ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የዚያን ቀን የእሳቸው ሁለት ሜትር ብቻ ሆነና ስንዴ ተከለከሉ።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ስድስት ሜትር መድረስ አቃታቸው። ብዙ ሰው አቅቶት ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ባል አለው፣ የደረሰ ልጅ አለው፣ ይደጋገፋል። አያ እንድሪስ ሊሸፍኑላቸው እንዳይችሉ መዝገቡን አሁን ካድሬው ራሱ ይጠራው ጀመር። በወሩ ስማቸው ተሰረዘ። ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው፣ ወንድማቸው ወዳለበት ወደ ከላላ በእግራቸው ሄዱ። ሲያልፉ በደጃችን ነው ያለፉት። እኔ ቤት ውስጥ ነበርሁ፤ አልወጣሁም።

ዘመኑ አለፈ። ካድሬው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ፣ ኮታው ተረሳ፣ በዓሎቹ ተመለሱ። እርከኑ ግን ዛሬም አለ፤ ጥሩ እርከን ነው፤ እኔ ያልሠራሁበት ስለሆነ አልፈረሰም። ከብዙ ዓመት በኋላ በቅሎ ልገዛ ከላላ ገበያ ወረድሁ። በቅሎው ሰበብ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ነው የሄድሁት፤ በድዬዎታለሁ፣ ልጆችዎን ያስራብሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እትዬ ከድጃን ሽንኩርት ሲሸጡ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ እኔን ግን ከሩቅ ለዩኝ። አፌን ሳልከፍት እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን ዳሰሱ።

"ይመር፣ ዳንህ ወይ ልጄ?" አሉኝ።

ከምኑ? አልኳቸው።

"ያኔ ከወይራው ሥር ወድቀህ አይህ አልነበር? ያ የረሃቡ በሽታ ይዞህ፣ ስሜን ይሰርዙብኛል ብለህ የደበቅህ መሰለኝ። ወላሂ ለማንም አልተነፈስሁ። ዱዓ ብቻ አደርግልህ ነበር።"

ያጠናሁት አንዱም አልጠፋኝም ነበር። በሽታ አልነበረብኝም፣ ስንፍና ነው፣ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሦስት ቃል፣ አራት ቃል። እሳቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ መልሴን ይጠብቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ቂም የሚባል ነገር የለም።

"ድኛለሁ፣ እትዬ" አልኳቸው።

አልሐምዱሊላህ አሉና ሽንኩርት ቋጥረው ሰጡኝ። ዋጋ አልቀበልም፣ ለደከመ ሰው ጥሩ ነው አሉ። ተቀበልሁ። ወስጄም በላሁት።

እንግዲህ ይህ ነው። ረሃብ ነበር እንዳልላችሁ፣ እሳቸውንም ርቧቸው ነበር። ልጅነት ነው እንዳልል፣ ከላላ ስወርድ ጢሜ ሸብቶ ነበር። ካድሬው ነው እንዳልል፣ እሱ ጠየቀ እንጂ የመለስሁት እኔ ነኝ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ይቅር የሚባል ነገር እንዳለ አያውቁም። ከላላ የሚመላለሱ ነጋዴዎች እንደሚሉት እትዬ ከድጃ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከመካነ ሰላም ሰው ባገኙ ቁጥርም ስለ ጤንነቴ ጠይቀው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ።