ቪንካ ያማሰለችው ድስት

ቪንካ ከመርከቡ ስትወርድ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ከሻንጣው የሚከብድ የቴፕ መቅጃ ይዛ ነበር። ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌዎች ሲያዩዋት ብድግ አሉ። ክው አለች። በመንደራችን በማላ ድራጋ ሰው ከመረቡ ላይ የሚነሳው ለቄስ፣ ለአስከሬንና ለግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው።

«እንኳን በደህና መጡ፣ ዶክተር!» አሉ ባርባ ዬሮሊም፣ ቆባቸውን አውልቀው።

«ገና ዶክተር አልሆንኩም፣ ባርባ። ደግሞ እኔ እኮ ቪንካ ነኝ።»

«ይሆናሉ፣ ይሆናሉ። ዋናው ጤና ነው።»

በእኛ ደሴት ዕድሜው የገፋ ወንድ ሁሉ «ባርባ» ነው፣ ሴቷ ደግሞ «ቴታ»፤ ዘመድ ሆነ አልሆነ። ባርባ ዬሮሊም ግን ለቪንካ ከዘመድም በላይ ናቸው። በልጅነቷ ወደቡ ውስጥ ስትወድቅ በፀጉሯ ጎትተው ያወጧት እሳቸው፤ በለሳቸውን ስትሰርቅ ይዘው በሳማ የለበለቧትም እሳቸው። ዛሬ «እርስዎ» አሏት። ቪንካ ያኔውኑ የዓመት ልፋቷን ውኃ ሲበላው ታያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪንካ ዛግሬብ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ክፍል ረዳት ናት። ለዶክትሬቷ የያዘችው ርዕስ የገዛ መንደሯ ንግግር ነው፤ አሳ አጥማጁና ወይን ገበሬው ቤቱ ሲሆን የሚናገረው፣ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ የማያውቀው። በፋሲካ መጥታ ሽማግሌዎቹን ቀድታ ነበር። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሃይዳሽ ፒፓቸውን ነክሰው ቴፑን ጥቂት አዳመጡና አጠፉት።

«ይሄ ሬዲዮ ነው» አሉ።

«ሬዲዮ አይደለም፣ ጎረቤቴ ናቸው።»

«ጎረቤትሽ ሬዲዮ ናቸዋ። እስከ ጥቅምት የሰው ንግግር ይዘሽልኝ ነይ። ካልሆነ ርዕሱንም ወንበሩንም ለሌላ ሰው እንሰጣለን፤ አንቺም የሆነ ገጠር ውስጥ ሰዋስው ታስተምሪያለሽ።»

ሃይዳሽ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚናገሩት ግን እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፤ አይጨመርበት፣ አይቀነስበት።

ለዚህ ሬዲዮ ደግሞ ጥፋቱ ግማሽ የቪንካ ነው። አባቷ ሰርዲን ፋብሪካ ጣሳ ሲያሽግ፣ እናቷ በለስ ስታደርቅ አድጋ፣ ለትምህርት ስፕሊት ከተማ ተላከች። በመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ የደሴት አፍ ለከተማ ልጅ ሰርከስ ነው። ቪንካም እልኸኛ ነበረች። ዓመቱ ሳይገባደድ ዜና አንባቢ የምታስንቅ ሆና ወደ መንደር ተመለሰች። እናቷ በኩራት ጎረቤት ሰብስባ ጋዜጣ ታስነብባት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ማላ ድራጋ ቪንካ ፊት አፉን ሳያጥብ አይናገርም። እሷም ብትሆን በደሴቱ አፍ ከተናገረች ብዙ ጊዜዋ ነው። በከተማ አፍ ትጠይቃቸዋለች፤ እነሱም በከተማ አፍ ይመልሱላታል።

በዚያ ነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ፋሲካው ሆነ። የባርባ ዬሮሊም ሚስት ቴታ ዶብሪላ የእሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከቴፑ ሥር ዳንቴል አንጥፈው ተቀመጡ።

«ቴታ፣ እስቲ በለስ እንዴት እንደሚደርቅ ይንገሩኝ።»

ቴታ ዶብሪላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያ ደረጃ ለተደረገልኝ ግብዣ ልባዊ ምስጋናዬን ለማቅረብ እወዳለሁ።»

ባርባ ዬሮሊም ደግሞ ስለ መረብ ሲጠየቁ፣ አሳ ማጥመድ ለሕዝባችን የኑሮ ዕድገት ከፍተኛ አስተዋጽኦ እንደሚያበረክት አብራሩ። ትናንት ማታ መረባቸው ሲቀደድ ግን ቪንካ በመስኮት ሰምታቸዋለች፤ ከአፋቸው የወጣው ለመዝገበ ቃላት ሙሉ ምዕራፍ ይበቃ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ በድብቅ ልቅዳ ብላ ቴፑን ፎጣ አልብሳ ባሕር ዳር ከዋናተኞች መሃል አስቀመጠችው። ሉክሻ የሚባል፣ ሚስትም ሥራም የማይበረክትለት ጎረቤት አጎንብሶ ፎጣውን አየ። «ዶክተር፣ ፎጣዎ ይሽከረከራል። በሙቀቱ ነው?»

ሰውን አላስጨንቅ ብላ ደግሞ ጥያቄዎቿን ጥላ ዝም ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች። እነሱም በአክብሮት ዝም አሉ። ባትሪው አለቀ።

ከዚያ የቅዱስ ሮኮ በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን በባርባ ዬሮሊም ግቢ ብሩዴት ይሠራል፤ አሳ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በወይን ጠጅና በኮምጣጤ የሚበስል ወጥ ነው። ባርባ ከንጋት ጀምሮ ጊንጥ አሳውንና እባብ መሰሉን አሳ ራሳቸው አጽድተው፣ ጠንካራውን ከሥር፣ ስሱን ከላይ ደርድረው ጥደዋል። ብሩዴት አይማሰልም። ድስቱ በሁለት ጆሮው ተይዞ ይነቀነቃል እንጂ ማማሰያ አይነካውም፤ ከነካው አሳው ይፈርሳል፣ አጥንቱም ከሥጋው ይቀላቀላል። ይህን በደሴቱ ላይ የማያውቅ የለም፤ ጥርስ ያላወጣ ሕፃንም ያውቃል። አጠገቡ ባለው ምድጃ ደግሞ ከብሩዴቱ ጋር የሚበላው የበቆሎ ገንፎ ተጥዷል። እሱ በተራው ለአፍታ እንኳ ሳይማሰል ከቀረ ያርራል።

ቪንካ ቴፑን የግቢው አጥር ላይ አስቀምጣ ከፍታዋለች። ከምሳ በኋላ ዘፈን መኖሩ አይቀርም፣ ቢያንስ እሱን ልቅዳ ብላ ነው። ገንፎውን ሲያማስሉ የነበሩት ቴታ ዶብሪላ ዳቦ ለማምጣት ሲነሱ ማማሰያውን ሰጧት።

«ዶክተር፣ ካላስቸገርንዎ፣ እስክመለስ እያማሰሉ ይጠብቁልኝ።»

ቪንካ ማማሰያውን ተቀበለች። ዓይኗ ቴፑ ላይ ነው፤ ክሩ ወደ ጎን እየሸሸ ይመስላል፣ ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አድርጎ ተጠምዝዞባታል። ክሩን እያየች እጇን ሰደደች፤ አማሰለች፣ አዞረች፣ ከሥር ዛቅ አድርጋ ገለበጠች። ገንፎው ዛሬ ቀጠነ ብላ እያሰበች ነበር።

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ ድስቱ ዞረ።

«አንቺ ልጅ!!» አሉ ባርባ ዬሮሊም።

ቪንካ ቀና አለች።

«እጅሽ ይሰበር! ምን አባሽ እያደረግሽ ነው? ማማሰያ? ብሩዴት ውስጥ ማማሰያ? ኧረ በቅዱስ ሮኮ ያላችሁ ያዙልኝ! አውጪው! አውጪው አልኩሽ!»

«የሼሹላ ዘር!» ብሎ ጮኸ ሉክሻ። «አያቷ ባሕሩን ጨለፈ፣ እሷ ደግሞ ምሳችንን!»

የመንደራችን ግማሽ ፔሪሺች ስለሆነ በቤተሰብ ስም የሚጠራራ የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ቅጽል አለው። የቪንካ ቤት ሼሹላ ነው፤ ከጀልባ ውኃ የሚጨለፍበት የእንጨት መጨለፊያ። አያቷ በቀዳዳ ጀልባ ከወዲያኛው ደሴት ውኃ እየጨለፈ በመምጣቱ የወጣለት ስም ነው። ቪንካ ወደ ስፕሊት ከሄደች ወዲህ ግን በዚህ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

ቴታ ዶብሪላ ዳቦውን ታቅፈው እየሮጡ መጡ። «ምንድነው? ማን ሞተ?»

«አሳው!» አለ ሉክሻ። «ሁለተኛ ሞተ!»

«ይሄ ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ምን ያስተምራችኋል?» አሉ ባርባ። «ከጎህ ጀምሬ ስደረድር የዋልኩትን አሳ እንደ ድመት ራት አድርገሽ ቦጫጨቅሽው!»

ቪንካም ደሟ ፈላ። «ኧረ ተዉ እንጂ ባርባ! ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጥዶ፣ ማማሰያ አስይዞ ‹አማስዪ› የሚል ሰው ምን ይጠብቃል? እናንተ ናችሁ ያሳሳታችሁኝ! ደግሞ ማን ነው ስለ ብሩዴት የሚያወራው? አምና ስኳር የጨመረው ሉክሻ አይደለም?»

«ቲማቲሙ መሮ ነው!» አለ ሉክሻ።

«የመረረው አፍህ ነው!» አሉ ቴታ ዶብሪላ። «ስኳሩም የእኔ ነበር፤ ሳታስፈቅድ ነው የወሰድከው! መጥረቢያችንንስ መቼ ነው የምትመልሰው?»

ከስኳሩ ወደ መጥረቢያው፣ ከመጥረቢያው ተወስዶ ወዳልተመለሰ የወይራ መልቀሚያ መሰላል፣ ከመሰላሉ ወደ ሉክሻ አክስት ሠርግ ሄዱ። ቪንካም ማማሰያውን እንደ ሰይፍ ይዛ መሃላቸው ቆማ፣ ለአንዱ እየፈረደች ሌላውን እየሰደበች ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ገንፎው አረረ።

ያስቆማቸው ድምፅ ነው። አጥሩ ላይ ክሩ አልቆ ጫፉ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ ይላል።

ባርባ ዬሮሊም ቀስ ብለው ዞሩ። «ያ ነገር... ይሰማ ነበር?»

ቪንካ ዋሽታ ማምለጥ አልቻለችም። «ሁሉንም።»

«ኧረ ጉድ!» አሉ ቴታ ዶብሪላ፣ ዳቦውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ስለ ሠርጉ ያልኩትንም? አጥፊው! ዛግሬብ ይሄን ሰምቶ ምን ይለናል? ባለጌ ነው የሚለን!»

ቪንካ ማማሰያውን አስቀመጠች። ክሩ ላይ ያለው ሥራዋ፣ ወንበሯ፣ ዶክትሬቷ ነው፤ የሚሰማው ድምፅ ግን የእነሱ ነው። ያለፈቃዳቸው ይዛው ብትሄድ ዳግመኛ ይህን ግቢ አትረግጥም። «አጥፊው ካላችሁ አጠፋዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን አንዴ ስሙት።»

ክሩን ወደ ኋላ አጠነጠነች። ቴፑ «አንቺ ልጅ!!» ብሎ ሲጮህ የጎረቤት ውሻ ተነስቶ መለሰለት። ባርባ ዬሮሊም አንገታቸውን አስግገው አዳመጡ። ሉክሻ ግን ቴፑ ገና ከአሳው ሁለተኛ ሞት ላይ ሲደርስ ሆዱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ቴታ ዶብሪላ በሽርጣቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ በሳቅ ነው።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉ ባርባ። «አባቴ ናቸው እኮ! ልክ እሳቸው፤ መረብ ስናጠላልፍባቸው እንዲህ ነበር የሚሉን።» ቆባቸውን ደፉ። «ተይው። ዛግሬብም የአባቴን ድምፅ ይስማ። ሉክሻ ስኳር መጨመሩንም ይወቅ።»

«መጥረቢያውንም» አሉ ቴታ ዶብሪላ።

ብሩዴቱን እንደ ሾርባ በማንኪያ ጠጡት፤ አጥንቱን እየተፉ፣ ቪንካን እየረገሙ። ከዚያች ምሳ በኋላ «እርስዎ» የሚላት ጠፋ። በቀሩት ሳምንታት ያላትን ክር ሁሉ ጨረሰች።

በጥቅምት ሃይዳሽ ቴፑን ሲሰሙ የፒፓቸው እሳት ጠፋ፤ ልብም አላሉት። ክሩ ሲያልቅ እንደገና አስደገሙት።

«ሽማግሌው ድንቅ ናቸው» አሉ። «ግን ይቺ የምትጮኸው ሴት ማን ናት? ስለ ስኳሩ የምትለው። አንድም የከተማ ነገር አልገባባትም። በተቻለሽ መጠን ከእሷ ቅጂ።»

ቪንካ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እኔ ነኝ።»

ሃይዳሽ በመነጽራቸው ላይ አዩዋት። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ደብቀሻት ነበር?»

ዶክትሬቷን ያዘች፤ ወንበሩም የእሷው ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ባብዛኛው መርከብ ላይ ያለፈ ነው። ከደሴት ደሴት፣ ከመንደር መንደር ዞረች። ቴፑ እየቀለለ ሄዶ በመጨረሻ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሆነ። ለተማሪዎቿ የምትሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ «ጥያቄ ይዛችሁ አትሂዱ። ሥራ አግዙ፣ ከቻላችሁ ትንሽ አበላሹት።» አንዷ ተማሪዋ የወይን ቅርንጫፍ ቁራጭ ገልብጣ ተከለች፤ ከዚያ መንደር የመጣው ስድብ ብቻውን ጥናታዊ ጽሑፍ ወጣው። ዲኑ በአንድ ስብሰባ ላይ ይህ ዘዴ ሳይንስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። «ምሳ ይጋብዙኝና ላሳይዎ» አለችው። አልጋበዛትም።

የመዝገበ ቃላቱ ነገር ግን ዘገየ። አገር ስሟን ለወጠች፣ ገንዘብ ተቀየረ፤ ቪንካ ገና የፊደሉ መሃል ላይ ነበረች። ሃይዳሽ አረፉ። ባርባ ዬሮሊምም አረፉ፤ በተዝካራቸው ቴታ ዶብሪላ ዘፈን አይደለም፣ ያንን ቴፕ ነው አምጪ ያሏት። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ።

መጽሐፉ የወጣው ቪንካ ጡረታ በወጣች ማግስት ነው ማለት ይቻላል። በማላ ድራጋ የተመረቀው ደግሞ በቅዱስ ሮኮ ቀን፣ በዚያው ግቢ ነው። ከከተማ የመጣ ሹም ከረባት አጥብቆ «ክብርት ፕሮፌሰር፣ ለሕዝባችን ቅርስ ያበረከቱት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» ብሎ ጀመረ። ሽማግሌ የሆነው ሉክሻ አጥሩን ተደግፎ «ሬዲዮ!» አለ ከኋላ። ሹሙ የተሳቀበት ነገር ሳይገባው ጨረሰ።

ቪንካ ከሚሰጣት አበባ ሸሽታ ወደ ምድጃው ሄደች። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ተጥደዋል። ቴታ ዶብሪላ፣ ዘጠናን ተሻግረው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ገንፎውን ያማስላሉ። ቀና ሳይሉ ማማሰያውን ከገንፎው አውጥተው ከጀርባቸው ደበቁት።

«ሼሹላ፣ እጅሽን ሰብስቢ!»

«ምንም አልነካሁም፣ ቴታ።»

«አውቅሻለሁ።» አሮጊቷ በአገጫቸው የብሩዴቱን ድስት አመለከቱ። «ባርባሽ የሉም፣ የእኔም ክንድ አልቋል። ያዢና ነቅንቂልኝ። ማማሰያውን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»

ቪንካ ጨርቅ ጠቅልላ ድስቱን በሁለት ጆሮው ያዘችና ነቀነቀችው።