«አልወደድኩትም» ያለችው ልጅ

ደባርቅ በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ክፍሌ ገባች። ትናከስ ነበር። እርሳሷን የነካባትን፣ ወንበር የቀደማትን፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ አጠገቧ የተቀመጠውን። ጠዋት ጠዋት ልጇ የተነከሰባት እናት በር ላይ ትጠብቀኛለች።

እኔ ያደግሁት በአርጩሜ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጆሮዋን ቆንጥጫታለሁ፤ አልደብቅም። አላለቀሰችም። በዚያው ቀን ሌላ ልጅ ነከሰች።

ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ያዝኩ። በየጠዋቱ ልጆቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ አደርግና አስለማምዳቸዋለሁ። የሚያስከፋ ነገር ሲደርስባችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ያስከፋችሁን ሰው ዓይን ዓይኑን እያያችሁ «አልወደድኩትም፤ ተው» በሉት እላቸዋለሁ። አንዱ ኳስ ይነጥቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ጨዋታ አደረጉት። እሷ ሦስት ሳምንት ሙሉ አፏን አልከፈተችም። አንድ ቀን አንድ ልጅ ኮፍያዋን ሲጎትትባት ግን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ በቀጭን ድምፅ ተናገረችው። ልጁ ደንግጦ ለቀቀላት። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት እየሳቅሁ ነበር።

አባቷ የፓርክ ስካውት፣ ማለትም የዱር ጠባቂ ነው፤ ፓርኩ ውስጥ ሳንቃ በር ካምፕ ሰንብቶ አልፎ አልፎ ወደ ቤቱ ይመጣል። አንድ ጊዜ በመጣ ማግስት ልጅቷ ቀረች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ይዛት መጣች፤ የግራ ጉንጯ አብጧል። እናትየው በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነገረችኝ። ባሏ እሷን ሲመታ ልጅቷ መካከላቸው ገብታ፣ እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኑን እያየች ያስተማርኳትን ቃል በቃል ብላዋለች።

«መምህር፣ እኔስ ለምጀዋለሁ» አለችኝ። «ልጄን ግን ይህን ነገር አያስተምሩብኝ።»

ሴትዮዋን አስፈቅጄ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድኩ። ቄሱ ሰውዬውን አስጠርተው ገሠጹት፤ እሱም ሁለተኛ እጄን አላነሣም ብሎ ቃል ገባ አሉኝ። በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔ አባቴን እንዲያ ብለው ኖሮ ዛሬ በሕይወት አልገኝም ነበር» አለኝና ሄደ። ይቅርታ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም። እናትየው ስጠይቃት «ደኅና ነው» ብቻ ትለኛለች። ልጅቷ መናከሱን ትታለች፤ መናገሩንም አብራ ተወችው። አንዱን ቀለም ሲቀሟት የቀረውንም ራሷ አንሥታ ትሰጣቸዋለች።

ትምህርቱን አልተውኩም፤ ጥቂት ለወጥኩት እንጂ። የሚመታው ትልቅ ሰው ከሆነ አትናገሩት፣ ሮጣችሁ ጎረቤት ጥሩ እላቸዋለሁ። ባለፈው ሰኞ አንዱ ሕፃን እጁን አውጥቶ፣ ትልቅ ሰው ሲሆን ለምን ዝም እንደሚባል ጠየቀኝ። ከክፍሉ ሁሉ እኔን ትክ ብላ ያየችኝ እሷ ነበረች።