ከዘፈኑ በኋላ የሚመጣው ዝናብ

ባለፈው ክረምት ሁለት ጆንያ ኮረሪማ ጭኜ ከመናኸሪያ ወደ ሱቄ በባጃጅ ስሄድ፣ ሾፌሩ ፍላሹን ሰክቶ አንድ የቆየ የፈረንጅ ዘፈን ከፈተ። ዘፈኑ ሲወጣ የልጁ እናት እንኳን የተወለደች አይመስለኝም። ዝናቡ የባጃጁን ሸራ ይደበድባል፤ የኮረሪማው ሽታ ከእርጥብ ጆንያ ሽታ ጋር ተደባልቆ ያፍናል። ዘፋኙ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። ከሚለው ሁሉ የማውቀው ይቺን ቃል ብቻ ነው። ዘፈኑ አለቀና ፍላሹ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ ሌላ ጭፈራ ዘለለ።

«ቆይ እንጂ» አልኩት ሳላስበው፤ «ዝናቡ ይቀራል።»

ልጁ በመስታወቱ አየኝ፤ ከዚያ ደግሞ ውጭውን አየ። «እትዬ፣ ዝናብማ ሞልቶናል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቦንጋ ላይ ዝናብ ጎደለ ብሎ የሚከራከር ሰው የለም። እኔ ያልኩት ግን ሌላ ዝናብ ነበር። ከዚያ ዘፈን በኋላ ጆሮዬ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ መስማት ለምዷል። ያስለመደው ጋሽ ቆጭቶ ነው። ዝናቡ ሲቀር ሚዛን የጎደለበት ዕቃ የተቀበልኩ ያህል ከነከነኝ።

ጋሽ ቆጭቶ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ሙዚቃ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው በሩ ላይ የሚቀርበት ክፍል ነው። ከአባቴ የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ከእትዬ ብዙነሽ ልብስ ስፌት ጋር አንድ የጣውላ ግድግዳ ይጋራል። ውስጡ የላስቲክ፣ የማርከርና የአልኮል ሽታ አለው። አልኮሉ ለመጠጥ አይደለም፤ በጥጥ እየነከረ የቴፑን ጭንቅላት ይጠርግበት ነበር። ባለ ሁለት ካሴት ቴፑን መብራት በጠፋ ቁጥር በአረንጓዴ ጨርቅ ይሸፍነዋል፣ ልክ ሕፃን እንዳስተኛ ሰው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የካፋ ተወላጅ ነው። የተላቀቀ ካሴት በቢክ እስክሪብቶ ሲጠቀልል ዙሩን በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ይቆጥራል፤ ለምን እንደሚቆጥር ጠይቄው አላውቅም።

ሌላው ሙዚቃ ቤት ካሴት የሚደረድረው በዘፋኝ ነው። እሱ የፈረንጆቹን የሚደረድረው በቃል ነበር። ከጅማ ከሚያስመጣቸው ኦሪጅናል ካሴቶች ላይ፣ ርዕሳቸው አንድ ቃል የሚጋራ ዘፈኖችን እየለቀመ በአንድ ባዶ ካሴት ላይ ይገለብጣቸዋል። ጀርባው ላይ በአማርኛ «ዝናብ»፣ «ሌሊት»፣ «ፀሐይ»፣ «ቤት»፣ «ልብ» ብሎ ይጽፋል። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ጯሂው፣ አልቃሹ፣ በዕድሜም በአገርም የማይገናኙ ዘፋኞች አንዲት ቃል ስለተጋሩ ብቻ እዚያ ውስጥ ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ቃሉ የሌለበት ዘፈን የቱንም ያህል ቢያምር አይገባም።

ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ የፈረንጅ ስም ጠርቶ የሚገዛ ሰው ቦንጋ ውስጥ ከአምስት አይበልጥም፤ ዝናብን ግን የማያውቀው የለም ይል ነበር። እኔ ዛሬ ሃያ ዓመት ነግጄ ከዚህ የተሻለ የገበያ ጥናት አልሰማሁም። የዋጫ መንገድ ሾፌሮች ሌሊትን ይወስዳሉ፤ የጤና ጣቢያ ልጆች ልብን። አንዱ መጥቶ «ጋሽ ቆጭቶ፣ ዝናብ አለ?» ሲለው «የውጩን ነው የውስጡን?» ብሎ ይመልሳል። በየቀኑ ያንኑ ነው የሚለው፤ በየቀኑም ይሳቅለታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ጀመረ። ይህን ሁሉ የፈረንጅ ዘፈን በቃል የሚመድብ ሰው እንግሊዝኛ የጠጣ መሆን አለበት ብሎ ከተማው ደመደመ። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሬዲዮ መመሪያ፣ ከአረብ አገር የመጣ የሻምፖ ጠርሙስ ሳይቀር እሱ ዘንድ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ እያለ ያመልጥ ነበር። በኋላ ሰዎች በሕይወቱ መነጽር አድርጎ እንደማያውቅ ሲያስታውሱት፣ ከገበያ አንድ መነጽር ገዛ። የገዛው ሊረሳው ነው።

እኔ ያወቅኩበት ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ትምህርት ቤት ወንዝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ተምሬ፣ እሱ ዘንድ ወንዝ የሚል ካሴት እንደሌለ ስላወቅኩ፣ እንዲሠራልኝ ጠየቅኩት። ደብተሬ ላይ እንድጽፍለት አዘዘኝ፤ ደህና አድርገሽ፣ ጎላ አድርገሽ አለኝ። ከዚያ ገጹን ቀደደና በየካሴቱ ሽፋን ላይ፣ በየመስመሩ ሥር እያስጠጋ ማመሳከር ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ ክርን ከጨርቅ ጋር የምታመሳክረው እንደዚያ ነው። ቃሉ ያለበትን መስመር ሁለት ጊዜ አለፈው። እኔ ባንኮኒው ማዶ ሆኜ፣ ሽፋኑ ተገልብጦብኝ እንኳ አይቼዋለሁ።

አማርኛ እንደ ልቡ ያነባል። እንግሊዝኛውን ግን የሚያውቀው በመልኩ ነበር። ዝናብን ጎንበስ ባለች ፊደል ጀምራ ሦስተኛዋ ላይ ነጥብ ያስቀመጠች ብሎ ነው የያዛት፤ ሌሎቹንም እንዲሁ። ሰው የራሱን በሬ ከመንጋ እንደሚለይ ለይቶ ያመጣቸዋል። አባቴ አንድ ጊዜ የጎረቤቱ ጨርቅ ቀለም እንደሚለቅ አውቆ ለጎረቤቱ ብቻ በጆሮው ሲነግረው ሰምቻለሁ። እኔ ግን ማወቄን ለራሱም እንኳ አልነገርኩትም። ወንዜን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

እትዬ ብዙነሽ ባሏ ሲሞት የስፌት መኪናውንም ሙያውንም ወርሳለች። በዚያ ዓመት ግን ሰልባጅ ገበያውን ወስዶት፣ መኪናው ከሚሠራበት ቀን ዝም የሚልበት ይበዛ ነበር። መኪናውን ሸጣ ከልጇ ጋር ጅማ እህቷ ዘንድ ልትገባ አስባለች። በመሃል ትምህርት ቤቶችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ለጌሻ ወረዳ ልጆች ዩኒፎርም የሚሰፋ እንደሚፈልግ ሰማችና አንድ ሸሚዝ ሰፍታ ለናሙና ላከች። ይህ ካልተሳካ መኪናው ይሸጣል፤ ገዢውም መጥቶ ፔዳሉን ረግጦ አይቶት ሄዷል።

መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ። ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ፖስታውን ይዛ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ክፋቱ፣ ጋሽ ቆጭቶ ያን ቀን መነጽሩን አድርጓል። እኔ ከአባቴ ሱቅ ገበር ላደርስላት መጥቼ አጠገቧ ነበርኩ። ደንበኞች አሉ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ፣ ሁሉም አፉን አፉን ያየዋል። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ፤ ጀርባው ባዶ ነው።

«ደግ ነው» አለ።

«ወደውታል ማለት ነው?»

«ደግ ነው አልኩሽ። ጊዜ አለው፤ አትቸኩይ።»

እሷ ወረቀቱን በደስታ አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝና ገበሩን ልትለካ ጎንበስ አለች። ከፍቼ አየሁት። እንግሊዝኛዬ የስድስተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን የሳምንቱን ቀናት በየጠዋቱ በዜማ ስንላቸው ነው ያደግነው። ከዚያ ሁሉ መስመር ማክሰኞን አወቅኳት። ማክሰኞ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት። እሁድን ሙሉ ግን ማክሰኞ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልሄድ በፊት ሙዚቃ ቤቱ ገባሁ። እየገለበጠ ነበር፤ ዘፈን ይጫወታል።

«ጋሽ ቆጭቶ፣ የእትዬ ብዙነሽ ደብዳቤ ላይ ማክሰኞ የሚል አለ።»

«ታዲያ?»

«ነገ ማክሰኞ ነው።»

ለምን ለእሱ እንደምነግረው አልጠየቀኝም። ማወቄን ያኔ ነው ያወቀው። እጁን ዘረጋና ቴፑን ዘጋው። ጋሽ ቆጭቶ ዘፈን መሃል ላይ ቆርጦ አያውቅም፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ግድግዳውን ዞሮ ወደ እሷ ሲሄድ ተከተልኩት። እዚያም ልብስ ሊያስጠብቡ የመጡ ሁለት ሴቶችና አንድ ተማሪ አሉ። እስኪወጡ አልጠበቀም።

«ብዙነሽ፣ ያን ደብዳቤ አላነበብኩትም።»

«ቅዳሜ አነበብከው እኮ።»

«አየሁት። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ተማሪውም ሳቀ። እትዬ ብዙነሽ ግን ፊቷን ቋጠረች። «አሁን እኔ ምን አስቀይሜህ ነው? ማንበቡ ካስቸገረህ አስቸገረኝ በል። ያን ሁሉ የፈረንጅ ዘፈን የሚያነብልህ ማን ነው፣ እኔ ነኝ?»

ይህ ያልጠበቀው ነገር ነበር። ለዓመታት የደበቀውን አውጥቶ ሲያስቀምጠው የሚቀበለው አጣ። ምንም ቢል ትሕትና ወይ ንፉግነት ነው የሚመስላቸው። መነጽሩን አውልቆ ሰጣት።

«አድርጊው።»

«ምን ላደርገው?»

«አድርጊውና ክርሽን እዪበት።»

አደረገችው። መርፌውን አየች፣ ክሩን አየች፣ በበሩ በኩል መንገዱን አየች። የጨመረም የቀነሰም ነገር የለም። ሞተረኞች ለአቧራ የሚያደርጉት ባዶ መስታወት ነው። መነጽሩን አውልቃ መኪናው ላይ አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ደብዳቤውን በፍርሃት አየችው።

ሙዚቃ ቤቱን ቆለፈና ሦስታችን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። የእንግሊዝኛው መምህር እጁ በጠመኔ እንደነጣ ግቢው ውስጥ ቆሞ አነበበልን። ሸሚዙን ወደውታል። ኮሌታው የተስተካከለ ሌላ ሸሚዝ፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጅማ እሷው ራሷ ይዛ እንድትቀርብ ይላል፤ ካልቀረበች ሥራው ለሌላ ሰፊ ይሰጣል። መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ ጋሽ ቆጭቶን በአክብሮት «እርስዎ እያሉ ለምን እኔ ዘንድ መጡ?» አለው። ጋሽ ቆጭቶ አሁንም አንድ ጊዜ ተናገረው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀለለው አይመስለኝም።

የአዲሱን ሸሚዝ ኮሌታ ስትጨርስ የከሰዓቱ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቷል። ጋሽ ቆጭቶ በሩን ይዞ ቆሞ ሾፌሩን «ሁለት ዘፈን ያህል ብቻ ጠብቃት» ይለዋል። ሾፌሩ የሌሊት ካሴት ደንበኛው ነው፤ ጠበቃት። ሐሙስ ስትመለስ ሥራውን ይዛ ነበር። መኪናው አልተሸጠም።

ከተማው ደግሞ የራሱን ሒሳብ ያዘ። ካሴት ገዢ አልቀነሰም፤ ዘፈኑ በመልክ ተለየ በንባብ ያው ዘፈን ነው። ተማሪዎቹ ግን አልተዉትም፤ እጃቸው ላይ ቃል ጽፈው እየመጡ «ጋሽ ቆጭቶ፣ ይቺን አንብብልን» ይሉታል። እሱ እጃቸውን አዙሮ አዙሮ ያይና «ዝናብ አይደለችም፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ይላል። መነጽሩን ዳግመኛ አላደረገውም። እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ቀርቶ የመርፌ መያዣ ሆነ።

በዚያው ክረምት ካሴቶቹን ሁሉ አወረደና ሽፋኖቹን አንድ በአንድ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ያልገባኝን መምህሩ ዘንድ ወስጄ ጠይቄ መጣሁ። ብዙው ልክ ነበር፤ መልክ ጠንቅቆ የያዘ ሰው ነው። ዝናብ ካሴት ላይ ግን የመጨረሻው ዘፈን ዝናብ አልነበረም። መልኩ ሩቅ አይደለም፤ ቃሉ ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ ደግሞ ካሴቱ ላይ ካሉት ሁሉ የሚወደድ ነበር። እዚያው ይቆይ፣ ማን ያውቃል አልኩት። በዚያ ዕድሜዬ እንኳ ነጋዴ ነበርኩ።

«አንቺ አወቅሽ፣ እኔ አወቅኩ» አለኝ። «ሁለት ሰው አይበቃም?»

በቦታው የሚገባ ሌላ የዝናብ ዘፈን ግን አልነበረውም። ሲጠፋ ካሴቱ መጨረሻ ላይ ባዶ ሊቀር ነው፤ ባዶ ካሴት መሸጥ ደግሞ አይሆንለትም። ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ፣ ደንበኞቹን በእጁ ዝም አሰኝቶ፣ ማይክ ያለበትን ትንሹን ቴፕ በር ላይ አስቀመጠና በዚያ ዘፈን ላይ የቆርቆሮውን ዝናብ ቀዳበት። ከዚያ በኋላ ከሱ ቤት የወጣ ዝናብ ካሴት ሁሉ የሚያልቀው በእኛው ዝናብ ነው።

ካሴት ሲሞት እሱም ሱቁን ዘግቶ ዋጫ አጠገብ ወዳለው መሬቱ ገባ፤ ማረፉንም የሰማሁት ከአንድ ማር አቅራቢ ነው። ሲሄድ ያን ካሴት ሰጥቶኝ ነበር፤ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ከደረሰኝ ጥራዞች ጋር አለ። የሚያጫውተው ቴፕ የለኝም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያሉት ልጆችም ወደ ፍላሽ እናዛውርልሽ ብለው ሲያገላብጡት ከርመው መለሱልኝ። አልተከራከርኩም። የእንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣልኝ ደግሞ እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ የኔው እውነተኛ መነጽር ነው፤ ያም ሆኖ አላነበውም፣ አላውቀውም ብዬ እናገራለሁ። ደንበኞች ቀልድ ይመስላቸዋል።

ባጃጁ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ልጁ ጭፈራውን ዘግቶ ጆንያውን ለማውረድ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቀ። ሁለታችንም ሸራው ላይ የሚወርደውን ሰማን። የሸራ ዝናብ ከቆርቆሮ ዝናብ ይለያል፤ ቢሆንም ይቀራረባል። ካሴቱ ላይ ግን ከዝናቡ ሥር አንድ ሌላ ድምፅ አለ፤ ጋሽ ቆጭቶ ሲቀዳ ደንበኛውን ሁሉ ዝም አሰኝቶ እሱን ዝም አላሰኘውም። በጣውላው ግድግዳ በኩል የሚመጣ፣ ለጌሻ ልጆች የሚሰፋ የእትዬ ብዙነሽ መኪና ነው፤ ትንሽ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል።