የበሬ ደም በእናቴ ፍሪጅ

ደም ፍለጋ የወጣሁት በዐቢይ ጾም ነው። ለዚህ ሥራ ከዚያ የባሰ ጊዜ የለም፤ ጊዜውን የመረጥሁት ግን እኔ አይደለሁም። ደብረ ታቦር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር አማካሪዬ የመመረቂያ ርዕሴን ያጸደቀችልኝ በቅበላው ዓርብ ነበር። ቀልድ የማይሆንላት ቀጭን ሴት ናት።

"ትኩስ የበሬ ደም ያስፈልግሃል። ቄራ ሂድና አምጣ" አለችኝ።

ሰኞ ብሄድ ቄራው ተዘግቶ ዘበኛው ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል። "ከሃምሳ አምስት ቀን በኋላ ተመለስ" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ደሙ ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገራችሁ። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ። ከሳንባ ኦክስጅን እየተሸከመ ለሰውነት ያከፋፍላል፤ ይህን ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ያልተወራለት ሲፈርስ የሚሆነው ነው። ፕሮቲኑ ሲሰባበር ፔፕታይድ የሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ይወጡታል። አንዳንዶቹ ዝም ብለው ፍርስራሽ አይደሉም፤ ሥራ አላቸው። ሐኪም ቤት ለከባድ ሕመም የሚሰጠው ሞርፊን በሚገባበት በር ገብተው ሕመም ያስታግሳሉ። የእኔ ድርሻ የበሬውን ሄሞግሎቢን ከጨጓራ በሚገኝ ኢንዛይም ሰባብሬ እነዚያን ቁርጥራጮች መፈለግ ነበር።

ጾሙን ሙሉ ላለመጠበቅ አንድ ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ዘንድ ሄድሁ። ጉዳዬን በትዕግሥት ሰማኝ።

"ደም ለእኛ ሐራም ነው። እናንተም አትበሉትም። ታዲያ ለማን ልታበላው ነው?"

"ለማንም" አልሁት።

"እንግዲያው ለጂኒ ነው" አለና ቢላውን መሳል ቀጠለ።

ምን አደርጋለሁ፣ ፋሲካን ጠበቅሁ።

የሰፈራችን አባወራዎች ለበዓሉ ከእብናት የመጣ አንድ ቀይ በሬ ለቅርጫ ገዝተው ነበር። የፋሲካ ዕለት ማለዳ፣ አፉን ሰፋ አድርጌ የቆረጥሁትን ቢጫ ጀሪካን ይዤ ከአራጁ ጎን ቆምሁ። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ጨው ከሥሩ ጨምሬበታለሁ፤ በሌላው እጄ የእናቴን ማማሰያ ይዣለሁ።

"ወንድሜ ራቅ በል፣ ደም ይነካሃል" አለኝ አራጁ።

"እኔም የመጣሁት ለእሱ ነው" አልሁት።

ቢላው እጁ ላይ ቀረ። ዞሮ ሽማግሌዎቹን አያቸው፤ እነሱም እኔን አዩኝ። በመጨረሻ "የተማረ ሰው አይደል፣ ተወው" አለ አንዱ፤ ሰው ታሟል በሚባልበት ድምፅ። ደሙ ሲወርድ ቀዳሁ፣ እንዳይረጋም እንደ ገንፎ አማሰልሁት። ጎረቤቶቻችን እያማተቡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ በሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ "ጠንቋይ አዞት ነው" ይላል፣ ግማሹ "ለራሱ ሊጠጣው ነው"።

ጣጣው ገና ነበር። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ለበዓል ገሳይ ከተማ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ እስከ ማክሰኞ አይመለስም። ደሙ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ያለን ቀዝቃዛ ቦታ የእናቴ ፍሪጅ ነው።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ ጀሪካኑን ስታይ።

"ደም።"

"የማን ደም?"

"የበሬያችን።"

"የሰው ልጅ በፋሲካ ሥጋ ይዞ ሲገባ፣ የእኔ ልጅ ደም ይዞ ይግባ?"

ሆኖም እናት ናት፤ ቅቤውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ጀሪካኑን በፌስታል ሸፈንነው። ከዚያ እንግዳ እንዳይሳሳት ብላ "ደም ነው፤ አይነካ" የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። ጥፋቱ ይህ ነበር። ወረቀቱ ባይኖር ማንም ልብ አይለውም። ወሬው ከተሰማ በኋላ ግን እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠማው ጀመር። በዚያ የጉና ብርድ!

የእናቴ ወንድም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸውም ፍሪጁን ከፈቱ፣ ወረቀቱን አነበቡ፣ ዘጉት።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ" አለች እናቴ።

"'ደም ነው' ካልሽ ይበቃል። 'አይነካ' ትርፍ ቃል ነው።"

ከዚያ እኔን አስቀምጠው ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኝ አሉ። ስለ ሄሞግሎቢኑ፣ ስለ ቁርጥራጮቹ ነገርኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

"እንግዲህ ሳይፈርስ ዝም ያለው፣ ሲፈርስ ይናገራል ነው የምትለኝ?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ቅኔ ነዋ! ሰሙን ሳትሰብር ወርቁ መቼ ይወጣል?"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠበቃዬ ሆኑ። የዚያኑ ያህል ፍላጎት ያደረባቸው ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ጎረቤታችን ናቸው። ከሁሉ ወሬ "ሕመም ያስታግሳል" የሚለውን ብቻ ለይተው ሰምተዋል።

"አንተ ልጅ፣ ለጉልበቴ ትንሽ ቀባኝ" አሉኝ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው።

"አይሆንም እማማ፣ ገና ነው። መጀመሪያ መሰባበር አለበት።"

"በምን?"

"ጨጓራ ውስጥ በሚገኝ ነገር።"

"ጨጓራማ እኔም አለኝ!"

"ደም አይበላም!" አሉ የኔታ ከወዲያ።

"ለጉልበቴ አልሁ እንጂ ለአፌ መቼ አልሁ?"

"ታዲያ ጨጓራዎ ጉልበትዎ ላይ ነው?"

እማማ ተቀይመው ወጡ። የተቀዳላቸውን ጠላ ግን ይዘው ነው የወጡት።

ማክሰኞ ጠዋት ቁልፉ መመለሱ ተነገረኝ፤ ጀሪካኑን በእግሮቼ መሀል አድርጌ ባጃጅ ያዝሁ። የኔታም ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገዳቸው ስለሆነ አብረውኝ ተሳፈሩ። መሀል ከተማ ስንደርስ አህያ ገባችብን። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፌስታሉ ተፈታ፤ ደሙ ወለሉ ላይ፣ ሱሪዬ ላይ፣ በየኔታ ጋቢ ጫፍ ላይ ፈሰሰ። ሹፌሩ ዞሮ አየና ጮኸ። ያ ጩኸት አንድ ትራፊክ ፖሊስ እያስሮጠ አመጣልን።

ፖሊሱ አንገቱን አስገብቶ አየ። "ማን ተጎዳ?"

"ማንም" አልሁት።

"ታዲያ ይህ የማን ደም ነው?"

"የበሬ።"

"በሬውስ የት አለ?"

"ተበልቷል።"

"ምስክር አለህ?"

የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ፣ ጠምጣማቸውን ቀና አደረጉ። "እኔ አለሁ። ሲታረድ አይቻለሁ፤ በልቼዋለሁም።"

ፖሊሱ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሱሪዬን ያያል። "ወዴት ነው የምትወስደው?"

"ዩኒቨርሲቲ። የሕመም ማስታገሻ ልፈልግበት ነው።"

"ለምን፣ ፋርማሲ ተዘግቷል?"

ሊያስረዱት የኔታ "ሰሙ..." ብለው ሲጀምሩ፣ ፖሊሱ ነገሩ እንደሚረዝም ገባው መሰለኝ፣ "ሂዱ፣ ሂዱ" አለን። ሹፌሩ ግን አልለቀቀኝም፤ በሦስት ባልዲ ውሃ ባጃጁን አጥቤ ነው የተለያየነው።

ደግነቱ ከደሙ ግማሹ ተርፎ ነበር። ቤተ ሙከራ ገብቼ ሕዋሶቹን አጠብሁ፣ በውሃ አፈነዳሁ፣ አሲድና ኢንዛይሙን ጨምሬ ለብ ባለ ሙቀት አቆየሁት። ቀዩ ቀስ በቀስ ቡናማ ሆነ። ሽታው ፀሐይ ላይ የተረሳ ጉበት ነው። አማካሪዬ አንዴ ሳብ አድርጋ አሸተተችና "ጥሩ ነው፣ እየፈረሰ ነው" አለችኝ። ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ምስጋና ነበር።

ቁርጥራጮቹን ለይቶ ማውጣት ሳምንታት ፈጀ። በመጨረሻ በአይጦች ሞከርነው። አይጧ ሞቅ ያለ ሳህን ላይ ትቀመጣለች፤ እግሯን አንስታ እስክትልስ ሰከንድ ይቆጠራል፤ ወዲያው ከሳህኑ ላይ ትነሣለች። ምንም ያልወሰዱት አይጦች ፈጥነው እግራቸውን አነሡ። ከፔፕታይዱ የተወጋችው የመጀመሪያዋ ግን ቆመች። ግራ ቀኙን አየች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ በሁለት እጆቿ ፊቷን መታጠብ ጀመረች፣ ልክ እሑድ ጠዋት እንደተነሣ ሰው።

ሳቄ አመለጠኝ።

"አትሳቅ፣ ሰከንዱን ጻፍ!" አለች አማካሪዬ አይጧን እያነሣች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው ያለችኝ፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም አይጦች እንደዚያች አልሆኑም። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ደጋግመን ስንሠራው ግን አልጠፋም። ለእኔ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ደም፣ ከዚያ ሁሉ ሐሜት በኋላ እውነትም ውስጡ የሆነ ነገር ነበረ። ወደ ደጅ ወጥቼ እናቴ ጋር ደወልሁ።

"እማ፣ ተሳካ! አንዲት አይጥ ፊቷን ታጠበች!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ከኋላዋ ጎረቤቶች "ምን ተገኘ? ምን ተገኘ?" ሲሉ ይሰማኛል።

"እንጃ፣ አይጥ ነው መሰለኝ" አለቻቸውና እልልታዋን ቀጠለች።