ሳይቀመስ የሚሠራ መረቅ

ዛሬ ጠዋት ሮቤ፣ አንድ ሽማግሌ ቤት መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን እያየሁ ሳለ፣ አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ ከማድ ቤት ጮኸች። «ነይ ቅመሽልኝ!»

ሄጄ ማንኪያውን ስቀበላት እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ለኔ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

ያኔ ሶሻል ወርክ ተመርቄ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ቢሮ ለቢሮ መዞር ሲሰለቸኝ፣ ልጆቻቸው ሩቅ ያሉ አዛውንቶችን መከታተል ጀመርኩ። ሐኪም ቤት እወስዳለሁ፣ ሐኪሙ ያለውን ለልጆቹ ደውዬ እናገራለሁ፣ የምትረዳቸው ሰው ፈልጌ እቀጥራለሁ፣ ሥራዋንም አያለሁ። ሥራው እዚህ አገር ስም የለውም። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «የሰው እናት ትጠብቃለች» ትላለች፣ ከብት የምጠብቅ ይመስል።

እትዬ አስካለ የመጀመሪያዬ ናቸው። ቤታቸው ጎባ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ አጥሩን ዘሎ በረንዳው ላይ የሚተኛበት ቤት። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ጆሯቸው ግን የሰፈሩን ሐሜት አንድም አያመልጠውም። የምትረዳቸውን ዘይነባን ከዲንሾ ያመጣኋት እኔ ነኝ። «ሃርሜ» ትላቸዋለች፣ እናቴ ማለቷ ነው። እሳቸውም «የኔ ልጅ» ይሏታል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እትዬ እየከሱ ሄዱ። ሐኪሙ ደማቸው አንሷል ብሎ የሥጋ መረቅ አዘዘ። ዘይነባ በየቀኑ ትሠራለች፣ ሳህኑም በየቀኑ ባዶ ይመለሳል። እሳቸው ግን ቀሚሳቸው ውስጥ ጠፉ።

አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው መስፍን ደወለልኝ።

«እማዬ በልቻለሁ እያለች ትከሳለች፤ መብላት አለመብላቷንም አታውቅም ማለት ነው። አእምሮዋ እየሄደ ነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ቤቱንም አከራየዋለሁ።»

ለእትዬ ነገርኳቸው። እኔ ነገር መሸፋፈን አልችልም።

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አሉ።

«ታዲያ በደንብ ይብሉ እንጂ!»

እግራቸው ስር ውሻቸው ቻለው ተዘርግቷል። እኔና ዘይነባ ስንመጣ ጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ነበር። አሁን እንደ ሠንጋ ሰብቷል፤ የሚሾልክበት የአጥር ቀዳዳ እንኳን አላሳልፈው ብሎ በር ላይ ቆሞ ያላዝናል። ሁላችንም እያየነው እንስቅ ነበር። ሳቅን እንጂ አልጠየቅንም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ልብሳቸውን ልሸክፍ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ከሮቤ ጎባ ድረስ በስብሻለሁ። ቀጥታ ማድ ቤት ገብቼ ከድስቱ መረቅ ጨልፌ ጠጣሁ። ጨው ብቻ!

«ዘይነባ፣ ይሄ ምንድነው? አትቀምሺውም እንዴ?»

«እንዴት ልቅመስ?» አለችኝ፣ ገርሟት። «ሥጋው የናንተ ነው።»

«የኛ ማለት?»

«መስቀል ካለበት ሥጋ ቤት ነዋ የምገዛው። ለሃርሜ የኛን ላበላ ነው እንዴ? ወላሂ፣ አንድ ቀን አላደረግኩትም!»

ከግድግዳው ማዶ የእትዬ አልጋ ተንቋቋ።

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

አልጋቸው አጠገብ ሄደን ዘይነባ ደግማ ነገረቻቸው። እኛ አገር ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን አይበላም፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን፤ ይሄን ሕፃንም ያውቃል። ሥጋው ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተናገረም። እትዬ፣ ልጅቷ ከራሷ ሰው ነው የምትገዛው ብለው፣ አልበላም ብላት እጄን ተጸየፉት ትላለች ብለው፣ ሳህኑን ዘወር ስትል ለቻለው ያወርዱለት ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ጮህኩ መሰለኝ።

«ምን ልበል? ልጅቷ ደክማ ሠርታ...»

«አብደዋል ተብለው ሊወሰዱ ነው እኮ!»

«እብድ ቢሉኝ ይሻለኛል።» ወደ ውሻው ዞሩ። «አንተ ሌባ፣ በኔ ደም ወፈርክ አይደል?»

ዘይነባ መሬት ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። እኔ ማድ ቤት ተመልሼ ድስቱ ውስጥ ውኃ ጨመርኩበት።

ቅዳሜ መስፍን መኪና ይዞ መጣ። እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለተኛውን ሳህን ሲጠጡ በሩ ላይ ቆሞ አያቸው።

«ታዲያ ትበላለች እኮ!»

«ጠይቀሃት ነበር?» አልኩት። ደንበኛዬ መሆኑ ትዝ ያለኝ ካልኩ በኋላ ነው።

መስፍን አደረና ማግስቱን ብቻውን ተመለሰ። እትዬ ክረምቱን እዚያው ቤት ከረሙ፣ ቀሚሳቸውም ትንሽ ሞላላቸው። ገብሱ ሲታጨድ አልጋቸው ላይ እንደተኙ አረፉ። እንዳሉትም በቃሬዛ ወጡ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ድንኳኑ ስር ቆሜ የዘይነባን ነጠላ ይዤላት ነበር። ማልቀስ ፈልጌ አልመጣልኝም። አሁንም አልመጣልኝም።

አሁን አዲስ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ሥጋው ከየት እንደሚገዛ ነው። ባለቤቶቹ ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ይሉኝታ የሌላት ይሉኛል። ይበሉ።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ ዘይነባ ዛሬ፣ የሽማግሌው ማድ ቤት ውስጥ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«ጨው ይቀረዋል።»

ጨመረች። ሥጋው የኛ ነውና ደግሜ ቀመስኩላት።

«በቃ፣ ስጫቸው» አልኳት።