የእትዬ ስመኝ እንስላል

እትዬ ስመኝ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ በጎተራው ኮንዶሚኒየም ጎረቤታቸው የሆነው ኢሳ ነፋስ የጣለውን እንስላላቸውን ቀስ አድርጎ ቀና ሲያደርግና በእንጨት ሲደግፍ አዩት። ደስ ሊላቸው ሲገባ ጠረጠሩ። ከካዛንቺስ ሲነሱ ጓሯቸውን ትተው ስለመጡ፣ ከብሎኩ ፊት ባለችው ቁራሽ መሬት በጥቅምት የሚያብብ፣ ስስና ዣንጥላ የመሰለ አበባ ሊያዩ መርጠው የተከሉት እንስላሉን ነው። ግን ገና ማበብ ሲጀምር አናቱን የሚቀጥፍ አለ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉት።

«ወድቆ አይቼው ነው፣ እትዬ።»

«አበባውንስ ማን ቆረጠው?»

ኢሳ ሳቀ። «ብሎኩ ሁሉ ነዋ! እንስላል ተክለው ለሻይ አትቅጠፉ ይባላል እንዴ? አበባ ከፈለጉ የካሮት ሥር ቀብረው ይተዉት። በቅሎ ሲያብብ እሱም ዣንጥላ ነው፤ ነጭ ነው፤ ለሻይ የሚቀጥፈው የለም።»

ምክሩ ልባቸው ገባ። «እግዜር ይስጥህ» አሉትና ዕለቱን ካሮት ገዝተው ቀበሩ። ያም ሆኖ ከሰዓት በኋላ የዚህን ታሪክ ጸሐፊ በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ያንተ መስኮት ወደ አትክልቱ ነው። እኔ ቤተክርስቲያን ስሄድ እባክህ ዓይንህን ከኢሳ ላይ አትንቀል። ካሮቱን ለወጥ የነቀለብኝ እንደሆነስ?»