የእትዬ ኮሮጆ አውቶቡስ

እኔ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በአፀደ ሕፃናታችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊደል አስተምሬአለሁ፤ ጠመኔ የያዘ ሰው የማይሳሳት ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልጆች ሹራብ የምትጠግን ሴት፣ እንደ እኔው ደመወዝተኛ መባሏ ለብዙ ጊዜ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

ስሟን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሕፃን እስከ ዘበኛ ሁላችንም እትዬ ኮሮጆ ነው የምንላት። ዕድሜዋን ያሳለፈችው በልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክል ነበር፤ እኛ ዘንድ የተቀጠረችውም ለጽዳት ነው። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ በስጦታ የተገኙትን የሚያብረቀርቁ አሻንጉሊቶች ጥለው የእሷን መጥረጊያና ባልዲ ሲሻሙ አየች። መጥረጊያው ፈረስ ሆኗል፤ ባልዲው መጀመሪያ ከበሮ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ባርኔጣ ሆኗል። እኔ ብሆን ተቆጥቼ እቀማቸው ነበር። እሷ በማግስቱ አንድ ትልቅ ኮሮጆ ተሸክማ መጣች። በውስጡ ባዶ የክር ማጠንጠኛ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ከአናጢ ቤት የተለቀመ የእንጨት ቁራጭ፣ የጫማ ካርቶን፣ የተሰበረ ስልክ፣ ጠርዙ የተጣመመ የድስት ክዳን ነበር። ወለሉ ላይ ዘረገፈችውና ዞር አለች። የቀድሞው ርእሰ መምህር ልጆቹ በዚያ ዕቃ ተመስጠው ሲጫወቱ አይተው የጨዋታ ክፍሉን ለእሷ ሰጧት። ያን ቀን በንዴት ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

አሠራሯ ለእኔ ሥራ አይመስልም ነበር። ኮሮጆውን ትዘረግፋለች፣ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፣ መርፌዋን ታነሳለች። እንዲህ ተጫወቱ ብላ አታውቅም። ደም እስካልፈሰሰ ድረስ ጠብ አትገላግልም። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

"እትዬ፣ ለመሆኑ ምን ታስተምሪያቸዋለሽ?"

"ምንም። እነሱ ሲማሩ እንዳልረግጣቸው ብዬ ነው ቁጭ የምለው።"

"ከክዳንና ከእንጨት ምን ይማራሉ?"

"ዓይን መጀመሪያ ይጫወታል። ቀጥሎ እጅ ይጫወታል። አፍ የመጨረሻው ነው።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "አንቺ ነሽ ከመጨረሻው የምትጀምሪው።"

ይህን በመምህራን ክፍል ለባልደረቦቼ እሷን እያስመሰልኩ አወራሁላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳቅንባት።

ታሪኳን የምነግራችሁ ልጅ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቲኬትም የሚቆርጠው ራሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠብቃት ሲያጣ ከወንበሩ ጀርባ አስቀምጧት ይነዳል። ቤት ውስጥ ለእሱ ጥቂት ጥቂት ትናገራለች። ከቤት ውጪ ግን አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። "ማንን እንደመሰለች እንጃ፤ እኔ እንደሆንኩ ተኝቼም አወራለሁ" አለኝ አባትየው ሊያስመዘግባት በመጣ ቀን። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን አልሳቁም።

በዚያው ዓመት አዲስ ርእሰ መምህርት ተሾሙልን። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አይታያቸውም። ወላጆች ልጆቻችን ለምን ቶሎ አያነቡም እያሉ መድረሻ ስላሳጧቸው፣ የማትናገር ልጅ ስማቸውን የምታጎድፍ መሰላቸው። አባትየውን አስጠርተው እስከ ወላጆች ቀን አፏን ካልፈታች መሸኛ ጽፈው እንደሚያሰናብቷት ነገሩት። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚቀበለው ሌላ ትምህርት ቤት ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። መሪ የጨበጠ ሰው ጠዋትና ማታ እዚያ ሊያመላልሳት አይችልም። ልጅቷ ቤት ልትቀር ነው ማለት ነው።

ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ የጨዋታ ክፍሉን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሌሎቹ ይገነባሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ይጣላሉ፤ እሷ ታያለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ቀለድኩ። እትዬ ኮሮጆ አልሳቀችም።

"እየተጫወተች ነው" አለችኝ።

"ቆማ እኮ ነው ያለችው!"

"ዓይኗን እይ እንጂ እግሯን ለምን ታያለሽ?"

አላመንኳትም። የልጅቷ ነገር ግን አንጀቴን በልቶት ስለነበር፣ ሳልማከር የራሴን መድኃኒት ጀመርኩ። በጨዋታ ሰዓቷ እጇን ይዤ ወደ ክፍሌ እየወሰድኩ፣ ሰሌዳው ፊት አቁሜ "ሀ በይ፤ ብቻ አንዴ ሀ በይልኝ" እያልኩ ለመንኳት። ስድስት ቀን አደረግሁት። በሰባተኛው ቀን ልጅቷ ወደ እኔ ክፍልም ወደ ጨዋታ ክፍሉም አልገባ አለች። ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን ያጠፋችው ሴት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

እትዬ ኮሮጆ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"አፏን አስከፍታለሁ ብለሽ ዓይኗን ዘጋሽባት።"

ጠመኔ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእረፍት ሰዓቴን መርፌ ይዤ ከእትዬ ኮሮጆ በርጩማ አጠገብ ማሳለፍ ጀመርኩ። አንድ ቁልፍ በአግባቡ መትከል አልችልም፤ ጣቶቼን በመርፌ ወጋግቼ ጨረስኳቸው። ግን ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ቁጭ ስትል የምታየው ነገር አለ።

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ከዚያ ቁጭ አለች። ከዚያ አንድ የጠርሙስ ክዳን ወደ ራሷ ሳበች፤ ቀጥላ ሌላ። ብቻዋን በቀለም በቀለም ደረደረቻቸው፣ አፈረሰቻቸው፣ ደግማ ደረደረቻቸው። አንድ ጠዋት ደግሞ በእንጨት መንገድ ከሚሠራ ጥርሰ ወላቃ ልጅ አጠገብ ተቀምጣ የራሷን መንገድ መሥራት ጀመረች። እሱ አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ጎን ለጎን ሁለት መንገድ ሆነ። በአራተኛው ቀን እንጨት አለቀበትና ዞር ብሎ እጁን ዘረጋ። ሰጠችው። ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኩ፤ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ።

"አንቺ አትስበሪው እንጂ፣ ይሄዳል" አለች እትዬ ኮሮጆ።

የወላጆች ቀን ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው መንገዱ ላይ አውቶቡስ መጣ። ወንበሮች ተደረደሩ፤ ጥርሰ ወላቃው የድስቱን ክዳን መሪ አድርጎ ሹፌር ሆነ። ልጅቷ ተሳፈረችና የካርቶን ቁራጭ እንደ ቲኬት ሰጠችው። ልጁ ኪሱ ከተተው። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ከኪሱ አውጥታ ለሁለት ቀደደችውና ግማሹን ለራሷ ይዛ ተቀመጠች። አባቷ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ልጆቹ ትንሽ አፈጠጡባት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ያልተቀደደ ቲኬት ይዞ አልተሳፈረም። ግን ዛሬም ቃል የለም። ቀኖቹን በጣቶቼ እየቆጠርኩ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። እትዬ ኮሮጆን እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ ብላት፣ እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው አለችኝ።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ሞላ። የእኔ ተማሪዎች ሰሌዳው ፊት ፊደል ቆጠሩ፤ ሁለቱ ረሱ፣ አንዱ አለቀሰ። አባትየው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ርእሰ መምህርቷ መሸኛውን በእጃቸው ይዘው ጠሩት። "ልጅዎን ከጨዋታ ክፍል እንውሰዳት" አሉት። ተከተልኳቸው። ምን ብዬ እንደምከራከር በሆዴ እያሰናዳሁ ነበር።

በሩን ስንከፍት አውቶቡሱ ሞልቷል። የድስቱን ክዳን የያዘችው ልጅቷ ናት። ጥርሰ ወላቃው ከኋላዋ ተቀምጧል፤ ተራው አልፎበታል መሰለኝ። ርእሰ መምህርቷ ገብተው የአውቶቡሱ በር በሆነው ክፍተት ላይ ቆሙ። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ለእሷ መንገድ የዘጉ አንድ ተሳፋሪ ነበሩ።

"እናቴ፣ በሩ ላይ አትቁሚ" አለች። "ወደ ኋላ ጠጋ በይ። ወንበር አለ።"

ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የሠራተኛ ሰው ድምፅ ነበር። አባትየው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እኔ እጄን በአፌ ጫንኩ። ርእሰ መምህርቷን በግቢያችን ውስጥ አንቺ ብሎ የጠራቸው ሰው የለም፤ ፊታቸው ቀላ፣ ወዲያና ወዲህ አዩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ባዶዋ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ።

"ቲኬት" አለች ልጅቷ፤ ከመሪዋ ተነስታ እጇን ዘርግታ።

በእሳቸው እጅ ላይ መሸኛው ብቻ ነበር። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የልጅቷ ስም አለው። ልጅቷ ወሰደችው። አጠፈችው፤ በጥንቃቄ፣ አባቷ በየቀኑ እንደሚያደርገው፣ ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን ራሷ ያዘች፣ ግማሹን መለሰችላቸው።

"እስክትወርጂ እንዳትጥይው።"

ርእሰ መምህርቷ ቁራጩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው አባት ቀና አሉ። "እርስዎም ይግቡ እንጂ፤ መሄዳችን ነው" አሉት። ሌላ መሸኛ አልተጻፈም። ቁራጩን ወረቀት ዛሬም በመሳቢያቸው ውስጥ እንዳስቀመጡት አውቃለሁ፤ እስካሁን አልወረዱም ማለት ነው።

አባትየው ገባ፤ ከኪሱ እውነተኛ የአውቶቡስ ቲኬት አውጥቶ ሰጣት፣ ለሁለት ቀደደችለት። እኔም ጠመኔዬን ሰጥቼ ተሳፈርኩ፤ እሱንም ሰበረችውና ግማሹን መለሰችልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልቤ ጮቤ ረግጦ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ የዚያች ልጅ አንድ "ጠጋ በይ" በለጠብኝ፤ ይህን ስል አላፍርም።

በስተመጨረሻ እትዬ ኮሮጆ መርፌዋን ሹራቡ ላይ ሰካችው። በዚያ ክፍል ውስጥ በሥራ ሰዓት ከበርጩማዋ ተነስታ ጨዋታ ውስጥ ስትገባ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከሁላችን ኋላ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ባዶ እጇን አሳየች።

ልጅቷ በሩን ከፈተችላት።

"እትዬ፣ ግቢ" አለቻት። "አንቺ ቲኬት አያስፈልግሽም።"